መርፌ ያልተሰማው እግር

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አላገባሁም፣ አልወለድኩም፤ የምኖረው ከታላቅ ወንድሜና ከሚስቱ ጋር፣ ከእህል በረንዳ ጀርባ በተከራየናት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ወንድሜን ወንድም ጋሼ እለዋለሁ፣ ሚስቱን ደግሞ እትዬ። አባታችን ወሎ ሞቶ እኛ ወደ መርካቶ ከመጣን ወዲህ ወንድምም አባትም ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው። ለዚህ ነው ስለ እግሩ ለመጻፍ የተነሳሁት። ስለ ሰው እግር ምን ይጻፋል ትሉ ይሆናል። እስቲ ልንገራችሁ።

እኔ የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። አንድ ያረጀ የወንበር ልብስ ለመጣል ሲወጣ ለምኜ ወሰድኩና ስፌቱን በምላጭ ተረተርኩት፤ ቁርጥራጩን ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ የቱ ከየቱ እንደሚገጥም ስመለከት ሰነበትኩ። በመጀመሪያ የሰፋሁት ልብስ ለወንበሩ ጠቦ፣ ባለመኪናው «እህቴ፣ ይሄ ለወንበሬ ሙታንታ ሆነለት እኮ!» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ስቄ እንደገና ተረተርኩት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ እንጀራዬ ሆነ።

ወንድም ጋሼ ሹፌር ነው። ዘይትና ሳሙና በጅምላ የሚያከፋፍሉ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ሰው ሁሉ ሀጂ ነው የሚላቸው፤ የእሳቸውን ትንሽ ነጭ የዕቃ መኪና ይነዳል። ጠዋት ከመጋዘን ካርቶን ይጭናል፣ ከዚያ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ሲያራግፍ ይውላል።

መርካቶ ውስጥ የዕቃ መኪና እንደተገዛ አይነዳም። መጀመሪያ ብየዳ ቤት ይገባል። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ፋብሪካው የተወው ክፍተት አለ፤ ሹፌሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ እግሩን የሚዘረጋበት። ያ ክፍተት እዚህ «ባዶ ቦታ» ነው የሚባለው፤ መርካቶ ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም። ወንበሩ ወደ ፊት ይገፋል፣ እንዳይንቀሳቀስ ከወለሉ ጋር ይበየዳል፣ ከጀርባው ላሜራ ይቆምና አንድ ረድፍ ካርቶን በትርፍ ይጫናል። የሀጂ መኪናም እንደዚያው ተደረገች። ሀጂ ክፉ ሆነው አይደለም። በዚያ መንገድ ላይ የቆመው መኪና ሁሉ እንደዚያ ነው፤ እንዲያውም ያላስበየደ ባለመኪና እንደ ሞኝ ነበር የሚታየው።

ክፋቱ ወንድም ጋሼ ረጅም ነው። ቁመቱን የወረሰው ከእናታችን አባት ነው ይላሉ። ጋቢና ውስጥ ሲቀመጥ ጉልበቶቹ ከመሪው ግራና ቀኝ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የቀኝ ጉልበቱ ጎን መኪናዋ ስትነቃነቅ የዳሽቦርዱን ጠርዝ ይመታል፤ ወገቡ ደግሞ ላሜራው ላይ ቀጥ ብሎ ይጣበቃል። ኩሊዎቹ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል።

«ሹፌር! ጉልበትህን ከጆሮህ ላይ አውርድ እንጂ፣ ስንጠራህ በምን ትሰማለህ?»

«አንተ ሸክምህን አስተካክል!» ይላቸዋል እሱም። «እኔ ተቀምጬ ነው እንጀራ የምበላው፣ ቅናት ይግደልህ!»

ተቀምጦ መዋሉ ግን እውነት ነው። ከመኪናው አይወርድም። ከወረደ ትራፊክ ይመጣል፤ ትራፊክ ባይመጣ ሌላ መኪና አፍንጫውን ይሰካና መውጫ ያሳጣዋል። ኩሊዎች ያወርዳሉ፣ እሱ መሪውን እንደያዘ ባለሱቁን በመስኮት ያናግራል። ውሃም አይጠጣም፤ ውሃ የጠጣ ሹፌር ሽንት ቤት ያስፈልገዋል፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ደግሞ መኪናውን ማን ይጠብቅለታል? ጠዋት ቤት አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ይወጣል፣ ማታ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ይገባል።

ክረምቱ ሲገባ ቀኝ እግሬ ደነዘዘኝ ማለት ጀመረ። ቤት ውስጥ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው አልነበረም፦ ብርድ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? ከመኪናዋ ወለል ሥር ንፋስ ይገባል፣ ዝናብ ነው፣ እግሩ ቀኑን ሙሉ አይንቀሳቀስም። እትዬ ማታ ማታ ጨው ሞቅ አድርጋ በጨርቅ ቋጥራ ጭኑን ትተኩሰዋለች። ወጌሻ ተጠርቶ በቅቤ አሸው። ጎረቤት ሁሉ የየራሱን መድኃኒት አመጣ። እኔም የእጄን ሥራ ይዤ ገባሁበት፤ የፍሬኑና የነዳጅ መስጫው መርገጫ የሚገቡበትን ቀዳዳ ዙሪያውን በስፖንጅ ደፈንኩት፣ ወንበሩን ፀጉሩ ያልተላጨ የበግ ቆዳ አለበስኩት። እትዬ ሁለት የሱፍ ካልሲ ደራርባ አስለበሰችው። ጋቢናዋ ምድጃ ሆነች። ወንድም ጋሼ ከላይ ላብ ያጠምቀዋል፣ ከታች እግሩ ይደነዝዛል። የበግ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ ወደ መሪው አስጠጋው። ከፍቅራችን ብዛት እያጠበብንበት ነበር።

ብርድ ነው ብለን ተቀመጥን። ብርድ ደግሞ ማንንም አያስፈራም፤ በጋ ሲመጣ ይሄዳል።

ከዚያ አንድ ቀን ማታ፣ ፀሐይ እንደ ጠለቀች፣ ለመግሪብ ሶላት ቆምን። እንደ ወጉ እሱ ከፊት፣ እኔና እትዬ ከኋላው ነን። ከኋላ የምትሰግድ ሴት የወንዱን ፊት አታይም፤ ተረከዙን ነው የምታየው። የወንድም ጋሼን ተረከዝ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከሱጁድ፣ ግንባሩን ምንጣፍ ላይ ከደፋበት፣ ቀና ብሎ ሲቀመጥ በግራ እግሩ ላይ ያርፋል፣ የቀኙን ደግሞ በጣቶቹ ያቆመዋል፤ ውስጥ እግሩ ወደ እኔ ይዞራል። ያን ቀን ሲቀመጥ ቀኝ እግሩ አልቆመም። እንደ ተጣለ ጨርቅ በጎኑ ተኛ። ወንድም ጋሼ እጁን ወደ ኋላ ላከና ተረከዙን ይዞ አቆመው፤ አንድ የወደቀ ዕቃ አንስቶ እንደሚያቆም ሰው።

ሲያቆመው ካልሲው ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። መርፌ ነው። ያን ቀን እዚያው ምንጣፍ ላይ ስሰፋበት የዋልኩት ወፍራሙ መርፌ። ግማሹ ውጪ ነው፣ ግማሹ ውስጥ እግሩ ውስጥ።

ከዚያ ለቀጣዩ ረከዓ፣ ለሚቀጥለው የስግደት ዙር፣ ተነስቶ ቆመበት። ሙሉ ክብደቱን ነው የጣለበት። እኔ ጥርሴን ነከስኩ፣ አሁን ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። ቁርኣኑን እንደ ጀመረው ቀጠለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፣ እስትንፋሱ አልተቆረጠም። የእኔ ሶላት የት እንደ ደረሰ ጠፋኝ፤ ዓይኔ ተረከዙ ላይ ቀረ።

ሰላም ብሎ እንደጨረሰ፣ «ወንድም ጋሼ፣ እንዳትንቀሳቀስ!» አልኩት።

«ምነው? ጊንጥ ነው እንዴ?»

«እግርህን ዘርጋልኝ።»

ዘረጋልኝ። መርፌውን ይዤ ቀስ ብዬ ሳብኩት። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ይጠብቃል።

«ታዲያ ጊንጧን ያዢያት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ።

«አውጥቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

መርፌውን አሳየሁት። እትዬ «ያ አላህ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ካልሲውን ሳወልቀው አንዲት የደም ጠብታ ብቻ ናት ያለችው። ወንድም ጋሼ መርፌውን አየ፣ እግሩን አየ፣ እኔን አየኝ።

«ጥሩ ነው፤ ጤና ጣቢያ ሳልሰለፍ በነፃ ተወጋሁ» አለ።

ማናችንም አልሳቅንም። እሱም ራሱ አልሳቀም።

እትዬ እራት ልታቀርብ ስትገባ በር ላይ ያዝኩት። 

«ይሄ እኮ ቀኝ እግርህ ነው።»

«አውቃለሁ ቀኝ እንደሆነ።»

«ፍሬን የምትረግጥበት ነው።»

«እቴ፣ እኔ ነኝ ሹፌሩ አንቺ?»

«ሰው ብትገጭስ?»

«አልገጭም። ዓይን አለኝ፣ ጆሮ አለኝ።»

«ፍሬን በጆሮ ነው የሚረገጠው?»

 እትዬ ወደ ገባችበት ክፍል አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለሀጂ እንዳትነግሪ» አለኝ። «እኔ ይሄን መሪ እስክጨብጥ ድረስ በጀርባዬ ነው የኖርኩት፤ ኩሊ ነበርኩ፣ ታውቂያለሽ። አሁን ወገቤ አንድ ጆንያ አይችልም። ከመሪው ከወረድኩ የምሄድበት የለኝም። ይሄ ብርድ ይወጣልኛል፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

ወንድምሽ ሲለምንሽ ምን ትያለሽ? አባት ሆኖ ያሳደገሽ ሰው ሲለምን? እሺ አልኩት። ግን በነጋታው ጠዋት የሰፋኋቸውን የወንበር ልብሶች በፌስታል አድርጌ ጋቢና ገባሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ወዴት ነው?»

«ለሱቆቹ ላስረክብ። ከአንተ ጋር እዞራለሁ።»

አየኝ። ገብቶታል። «በይ እንግዲህ ካርቶኑን እቅፍሽ ላይ አድርጊው፣ ያንቺም ቦታ በዕቃ የሚሞላ ነው» አለና አስነሳት።

ከዚያ ጠዋት ጀምሮ የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። ቤት ሆኜ ስፈራ የማላየውን ነበር የምፈራው። ጋቢና ውስጥ ሆኜ ግን ሁሉንም አየሁት። ሹፌር መንገድ ያያል አይደል? ወንድም ጋሼ እግሩን ነበር የሚያየው። ፍሬን መርገጥ ሲፈልግ መጀመሪያ አንገቱን ደፋ አድርጎ ወደ ታች ይመለከታል፣ እግሩ የት እንዳለ በዓይኑ ያረጋግጣል፣ ከዚያ ያነሳውና ያስቀምጠዋል። ያቺ ደፋ የምትልበት ቅጽበት አጭር ናት፤ ለእኔ ግን አታልቅም። እሱ ወደ ታች ሲያይ እኔ ለእሱ መንገዱን አያለሁ።

«ጋሪ!» እላለሁ። «ሴትዮዋ! ኩሊው! በግራ በኩል ልጅ!»

«ወያላ ወጣሽ እኮ አንቺ» ይለኛል። «ቀስ ብለሽ ሳንቲም መቀበል ትጀምሪያለሽ።»

እስቃለሁ። በሳቄ ውስጥ ግን ቀኝ እግሬ ወለሉን ተጭኖ አይለቅም፤ ማታ ቤት ስገባ ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል። የሌለ ፍሬን ስረግጥ ነው የምውለው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ጀርባ ነበር። መርካቶ ውስጥ ሰው መኪና አይፈራም። መንገዱ መሐል ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል፣ ይከራከራል፣ ዕቃ ያማርጣል። ክላክስ ቢነፋለት ትከሻውን ትንሽ ዘንበል ያደርግልሃል እንጂ አይዞርም። መኪናው ቆዳውን ታክኮ ያልፋል፣ እሱ ወሬውን አያቋርጥም። ድሮ ደፋርነት ይመስለኝ ነበር። ከጋቢና ውስጥ ሳየው ግን ደፋርነት አይደለም፤ እምነት ነው። ያ ሁሉ ጀርባ ሹፌሩ ፍሬኑን ያውቀዋል ብሎ ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ አያውቀውም ብዬ እንዳልጮህ፣ ቃል ስለገባሁ አፌ ተይዟል። ሌሊት ስተኛ ጀርባ እያየሁ ነበር የምነቃው።

ደጋግሜ ለመንኩት። ሐኪም ጋ እንሂድ፣ ቢያንስ ለሀጂ ንገራቸው አልኩት። «ነገ» ይለኛል። «ረቡዕ ትንሽ ተሰምቶኝ ነበር እኮ» ይለኛል። ውሸቱን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ረቡዕ እኔም አጠገቡ ነበርኩ።

ያ ቀን ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ገና የሚያብለጨልጭበት ጠዋት ነበር። ዘይት እስከ አፋችን ጭነናል፤ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ ላሉ ሱቆች ነው። ወደ ድልድዩ የሚወስደውን ቁልቁለት ጀመርን። ከፊታችን ፍራሽ ይሄዳል። ማለቴ፣ የተጠቀለሉ የስፖንጅ ፍራሾች ጭንቅላቱ ላይ የተሸከመ ኩሊ ነው፤ ግን ሰውዬው አይታይም፤ ፍራሹ እስከ ወገቡ ውጦታል፤ ከሥሩ ሁለት እግር ብቻ ቱር ቱር ይላሉ። በግራ ታክሲ፣ በቀኝ ጎመንና ጥቅል ጎመን የዘረጋች ሴት። ማለፊያ የለም። ወንድም ጋሼ ክላክስ ነፋ። ፍራሹ ትንሽ ወደ ግራ ዘመመ፣ መንገዱን ግን አልለቀቀም።

ወንድም ጋሼ እግሩን አንስቶ ረገጠ። ሞተሩ አጓራ።

«ፍሬን!» አልኩ።

«ረግጫለሁ!»

«አልረገጥክም!»

«ረግጫለሁ እኮ! ረግጫለሁ እኮ አንቺ!»

እውነቱን ነበር የሚናገረው። ረግጦ ነበር። ግን የረገጠው ነዳጁን ነው፣ እግሩ ደግሞ አልነገረውም። ፍራሹ ወደ እኛ መጣ፣ ሰፋ፣ መስታወቱን ሞላው። ካርቶኑን ከእቅፌ ጣልኩና የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላዬ ተንጋለልኩ። ወንድም ጋሼ መሪውን ወደ ቀኝ ሰበረው። ጎማዋ ጠርዙን ዘለለች፣ ጭነቱ ከኋላ መጥቶ ላሜራውን ደበደበው፣ ሞተሩ ጠፋ። ቆምን። የመኪናዋ አፍንጫ የሴትዮዋ ጎመን ክምር ውስጥ ገብቷል።

ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ ተነሳች።

«ወንድሜ፣ ጎመን ካማረህ ወርደህ አትገዛም? በመኪና ነው እንዴ የሚመረጠው? የዓይንህን መብራት አስተካክል መጀመሪያ! ደግሞ ዝም ይለኛል! ተናገር እንጂ አንተ ...»

በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ፊቱን ስታየው አፏን ዘጋች። ወንድም ጋሼ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ፍራሹ የነበረበትን ቦታ አፍጥጦ ያይ ነበር። ሴትዮዋ ዘወር ብላ የውሃ ጠርሙሷን አመጣች። «እንካ፣ ቅመስ» አለችው፣ በሌላ ድምፅ። «ማንም አልተነካ። እየውልህ፣ ማንም። ጠጣ አልኩህ።» ጠጣ።

እኔ ፍራሹን እየፈለግኩ ነበር። አየሁት፤ ድልድዩን ሊሻገር ደርሷል፣ ቱር ቱር እያለ፣ እየተወዛወዘ። ዞሮ አላየም። ምን እንደሆነ ዛሬም አያውቅም። ፊቱን አይቼው ስለማላውቅ መርካቶ ውስጥ በየቀኑ አጠገቤ ሊያልፍ ይችላል።

ወንድም ጋሼ አንገቱን ደፍቶ ወደ እግሩ ተመለከተ፤ እኔም አየሁ። እግሩ አሁንም ነዳጅ መስጫው ላይ ነው። ከጭኑ በእጁ ያዘውና አንስቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«የረገጥኩ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

መኪናዋን ቆልፈን በእግራችን ወደ መጋዘኑ ተመለስን። ዳገቱን እያነከሰ ይወጣል፣ እኔ ከኋላው። አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት ገባኝ። እዚያ ሲደርስ «ፍሬን እምቢ አለ» ማለት ይችላል። ሹፌር ሁሉ የሚለው ነው። መካኒክ ይጠራል፣ ፍሬኑ ይፈታል፣ ይገጠማል፣ ነገ ጠዋት ወንድም ጋሼ እንደገና ያቺ ጋቢና ውስጥ ገብቶ እንደገና ወደ እግሩ ያያል። እንደዚያ ካለ እኔ ልናገር? በሰው ፊት ወንድሜን ላዋርደው? ዳገቱን ሁሉ ይህን እያሰብኩ ወጣሁ፤ መጋዘኑ በር ላይ ስንደርስ ገና አልወሰንኩም ነበር።

ሀጂ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሲያዩን ተነሱ።

«ምነው ልጄ? መኪናዋስ?»

«ድልድዩ አጠገብ ናት፣ ሀጂ። ሰው አልተነካም።» እንግዲህ አሁን ነው አልኩ በልቤ። «ፍሬኗ ደህና ነው» አለ ወንድም ጋሼ። «እግሬ ነው። ቀኝ እግሬ አይሰማኝም። ከክረምት መግቢያ ጀምሮ ነው።»

ሀጂ ጎንበስ ብለው እግሩን አዩት።

«ለምን ሳትነግረኝ ቀረህ?»

«ብነግርዎ ያሰናብቱኛል ብዬ ፈርቼ።»

«ልክ ነህ» አሉ ሀጂ። «አሰናብትህ ነበር። ወላሂ፣ አሰናብትህ ነበር።»

ከዚያ በትራቸውን ይዘው ተከተሉን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ የመኪናዋን በር ከፍተው በሹፌሩ ወንበር ልቀመጥ አሉ። በገንዘባቸው የገዟት መኪና ናት፤ ግን በዚያ በር ገብተው አያውቁም ነበር። አንድ እግራቸው ገባ፣ ሆዳቸው መሪው ላይ ቀረ፣ ሁለተኛው እግር የሚገባበት ጠፋ። ጎመን ሻጯ እየሳቀች እኔና ወንድም ጋሼ ጎትተን አወጣናቸው። ኮፍያቸውን አስተካክለው ቆሙና ወንበሩን አዩት።

«እዚህ ውስጥ ነው የምትውለው?» አሉ። መልስ ግን አልጠበቁም። በዚያው ሳምንት ላሜራው ተቆርጦ ወጣ፣ ወንበሩም ወደ ቦታው ተመለሰ። ኩሊዎቹ አንድ ረድፍ ቀረ ብለው ሲያጉረመርሙ ሀጂ ዝም በሉ አሏቸው። በዚያ መንገድ ላይ ያሉት ሌሎቹ መኪናዎች ግን እንዳሉ ናቸው።

ሐኪሙ ጋ እትዬም አብራን ሄደች። «ብርዱን ነው የሚያዩልን ዶክተር» አለችው ገና ከመቀመጣችን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሳይስቅባት፣ «እናቴ፣ ብርዱን እናየዋለን፤ መጀመሪያ ግን እንዴት ተቀምጦ እንደሚነዳ ልይ» አላት። ወንድም ጋሼ ወንበሩን ይዞ ወደ ግድግዳው አስጠጋው፣ ጉልበቱ ግድግዳውን እስኪነካ ድረስ፤ ከዚያ በሌለ መሪ ላይ እጁን ዘርግቶ ተቀመጠ። «እንዲህ ነው» አለ።  ሐኪሙ ወገቡን ነካካው፣ እግሩን አነሳው፣ ብዙ ነገር ጠየቀው። ከወገቡ የሚወርደው ነርቭ ተጨፍልቋል አለን፤ ጉልበቱም ሲመታ ኖሮ ከጎን ያለው ነርቭ ተጎድቷል። መቀመጥ የለም፣ ሸክም የለም፣ መተኛትና እያሳረፉ መራመድ ብቻ።

«ይመለስለታል?» አልኩት።

«ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። ቶሎ ብትመጡ ጥሩ ነበር።»

እንግዲህ ፍርሃቱ ከመንገድ ላይ ተነስቶ ቤታችን ገባ። ወንድም ጋሼ ወለሉ ላይ በጠፍጣፋ ፍራሽ ተኛ። ማልዶ ሲነቃ ሦስታችንም ዓይናችንን ጣቶቹ ላይ እንጥላለን፤ ማንም «ተሰማህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መልሱን ስለምንፈራ። እትዬ ጨው ማሞቋን ተወች፣ እኔ መርፌዎቼን በቆርቆሮ ዘግቼ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኳቸው። ቀን ቀን እየሰፋሁ አሮጌ ወሬ ሁሉ አወራለታለሁ፤ የማውቀው ሲያልቅብኝ እየፈጠርኩ። እሱም እየሰማ ጣራውን ያያል። አንዳንዴ መሐል ላይ፣ «ያ ፍራሽ የተሸከመው ሰው ልጆች ይኖሩት ይሆን?» ይለኛል። «ተወው» እለዋለሁ። «አይ፣ ዝም ብዬ ነው» ይለኛል።

ክረምቱ ወጥቶ የውርጩ ወራት ሲገባ፣ አንድ ጎህ ሲቀድ፣ ለሶላት ሊታጠብ ጓሮ ተቀምጦ እትዬ ውሃ ታፈስለታለች። እጁን፣ ፊቱን፣ ግራ እግሩን። ከዚያ ቀኝ እግሩ ላይ ስታፈስ፣ «ኧረ ቀዘቀዘኝ አንቺ ሴት!» ብሎ ጮኸ። እትዬ የውሃውን ጀበና ለቀቀችው። «ምን አልክ?» «ቀዘቀዘኝ አልኩሽ!» «ድገመው!» አለችው። «አውራ ጣቴ ጋ ነው፣ ቀዘቀዘኝ!» ከዚያ እትዬ እያለቀሰች ጀበናውን አንስታ የቀረውን ውሃ ሁሉ ገለበጠችበት፣ እሱም እየጮኸ፣ እኔም በሩ ላይ ቆሜ እየሳቅኩ።

ስሜቱ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ከትንሿ ጣት በቀር ማለት ነው። እኔ ላይ ግን የቀረ ነገር አለ። እስከ ዛሬ መንገድ ስሄድ ለመኪና ጀርባዬን አልሰጥም፤ ግድግዳ ይዤ፣ ዞር ዞር እያልኩ ነው የምሄደው፣ የሚያውቁኝ ነጋዴዎች ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ የሹፌሩን እግር አላዩም።

ሀጂ ቤት ድረስ መጥተው ጠየቁት። ወንበሩ ተስተካክሏል፣ ቦታህ ይጠብቅሃል፣ ተመለስ አሉት። ሐኪሙም እያረፍክ ከሆነ ትችላለህ አለው። ሁላችንም ደስ አለን፤ እትዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። የመንጃ ፈቃዱ ማሳደሻ ጊዜ ደርሶ ነበርና ፎቶ እንዲነሳበት ነጭ ሸሚዙን ተኮሰችለት። ወንድም ጋሼ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። የሄደው ግን ወደ ሀጂ መጋዘን ነው። በር ላይ ቆሞ ዕቃ የሚያስጭን ሰው ከፈለጉ እንደሚሠራላቸው፣ ያ ፍራሽ የተሸከመ ሰው ግን ከዓይኑ ስላልጠፋ መሪ ከእንግዲህ እንደማይጨብጥ ነገራቸው። መንጃ ፈቃዱን ሳያሳድሰው ቀረ።